ሁለት የመሰሉኝ ወፎች

ሮማ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ዓይናለም፣

እንዴት ነሽልኝ? እጅሽ መንቀጥቀጡን ቀነሰልሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነበርኩ ማለት ይሻላል፣ ያ ደብዳቤሽ እስኪደርሰኝ። "እኔ ባልኖር ልጅቷን ምን ታደርጊያታለሽ?" ተብሎ ለእህት ይጻፋል? አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ነው ያነበብኩት፤ ደንግጬ ሁለት ፌርማታ አልፌ ወረድኩ። ደግሞ ያስጻፍሽው ራሷን ሄርሞንን። ልጄ በገዛ እጇ እንዲህ ያለ ነገር ስትጽፍ ምን ይሰማት ይሆን ብለሽ አላሰብሽም? አንቺ እኮ ደብዳቤ ስታስጽፊ ፖሊስ ጣቢያ ቃልሽን የምትሰጪ ነው የምትመስይው።

ጆሮሽ ስልክ የሚሰማ ቢሆን ያኔውኑ ደውዬ እጨቀጭቅሽ ነበር። አሁን ግን እኔ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ በሄርሞን ስልክ ልኬ፣ አንቺ መነጽርሽን ፈልገሽ እስክታነቢ ንዴቴ ያልፍልኛል። ዕድለኛ ነሽ።

መልሴ ይኸውልሽ። አንቺ ትኖሪያለሽ። ነሐሴ ላይ የሲኞራ ልጅ ኤሌኖራ ፌሪዬዋን፣ የዓመት እረፍቷን ማለቴ ነው፣ ስትወስድ ከኦስቲያ መጥታ እናቷን ትይዝልኛለች፤ እኔም እመጣለሁ። ከዚያ በፊት ግን አልችልም። ሲኞራ ማዳሌና ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ያለ እኔ ከአልጋ አይወርዱም። ለሌላ ሰው ትቼያቸው ልሂድ ብል ዓይናቸውን እያየሁ አልችልም፤ ይኼን ታውቂያለሽ። ሐኪሙ ስለ ሆድሽ ያለውን ግን አሁንም አልነገርሽኝም። ስጠይቅሽ ይኼ ስንተኛዬ ነው?

አሎራ፣ እንግዲህ ይላሉ እዚህ፣ ልባችን ትንሽ ይረፍ፤ ስለ አንዲት ወፍ ልንገርሽ። የሲኞራ ሳሎን ወደ ሰገነቱ የሚወጣበት ትልቅ የመስታወት በር አለው። ከመስታወቱ ማዶ፣ ልክ አፍንጫሽ ስር፣ በሸክላ ማሰሮ የተተከለ ሎሚ አለ። እሱ ላይ አንዲት ወፍ ጎጆ ሠራች። ካርዴሊኖ ትባላለች አሉኝ የሕንፃው በር ጠባቂ፣ ጋሽ ቪንቼንዞ። እኔ ነኝ ጋሽ የምላቸው፤ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል። ፊቷ ቀይ ነው፣ ክንፏ ላይ ቢጫ አላት፤ እፍኝሽን አትሞላም። የጎጆዋ አፍ ከሻይ ብርጭቆ ብዙ አይሰፋም። እዚያ ውስጥ እንቁላሎቿን ታቅፋ ቁጭ ብላለች።

ሲኞራ በሩ እንዳይከፈት አዘዋል። አበቦቹ በውኃ ጥም ሊሞቱ ነው፤ ይሙቱ ብለዋል። እኔ በምሠራበት ቤት እንደ ሌባ በካልሲ ነው የምሄደው። መስታወቱን ብቻ በየጠዋቱ ከውስጥ በኩል እወለውላለሁ፣ ሲኞራ አጥርተው እንዲያዩ።

እውነቱን ልንገርሽ አይደል? ቀናሁባት። ቁጭ ብላለች እኮ፤ የትም አትሄድም። እኔ የአራት ዓመት ልጅ ላንቺ ትቼ አውሮፕላን የወጣሁ ሰው ነኝ።

እህትሽ እልፍነሽ


አዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእልፍነሽ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ሲኞራሽንም ሰላም በያቸው፤ ዳሌያቸውን እግዚአብሔር ይጠግንላቸው።

የጠየቅኩሽ እንድትመልሺልኝ እንጂ እንድትደነግጪ አይደለም። ድሮም ድንጉጥ ነሽ። ድመት ከአጥር ስትዘል የያዝሽውን ሳህን ጥለሽ የምትሮጪ ልጅ ነበርሽ፤ እኔ ነኝ ስባሪውን የምለቅመው። ሄርሞንም እንዳንቺ ናት። ያንን አልጽፍም ብላ እስክሪብቶውን ወርውራ ነበር። ጻፊ አልኳት፣ ጻፈች። ይኼንንም ፊቷን አጥቁራ ነው የምትጽፈው። ፊቷን አጥቁራለች ብለሽ ጻፊ ብያታለሁ።

ስለ ሆዴ ለጠየቅሽው፣ ሆዴ ያው ሆዴ ነው። ሐኪሙ ጢሙን በቅጡ ያላወጣ ልጅ ነው፤ አንድ ነገር ሲናገር ወረቀቱን እንጂ እኔን አያይም። ቀጠሮ ሰጥቶኛል። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።

ነሐሴ ትመጪያለሽ፣ እኔም አለሁ። አለቀ።

ልጅቷ እልፍነሽ እያለች በስምሽ ስለምትጠራሽ ደግሞ አትከፊ። እኔን እማዬ ያለችው ቤቱ ውስጥ ሌላ የሚጠራ ሰው ስላልነበረ ነው። አንቺ ስትመጪ የሚሆነውን እናያለን። ልጅ አላት እንጂ ልጅ የላትም ያለሽ የለም፤ መቅናቱን ተይ። ወፍ ላይ የሚቀና ሰው አይቼም አላውቅ።

ስለ ወፏ ግን ጻፊልኝ። አባትየው ይረዳታል ወይስ አንቺ እንደምታውቂው ዓይነት ነው?

እህትሽ ዓይናለም


ሮማ፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ምነው ዝም አልሽኝ? ቀጠሮሽ ምን ሆነ? ሄርሞን ጋ ብደውል ብደውል አታነሳም። መልእክት ስልክላት "ደህና ነን፣ ሥራ ላይ ነኝ" ብላ ትዘጋኛለች። የጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ናት እንጂ ሚኒስትር አይደለችም፤ ለእናቷ አንድ ደቂቃ እንዴት አይኖራትም? አስቀይሜያት ከሆነ ንገሪኝ። ይኼን ራሷ ስለምታነበው እዚሁ ልበላት፤ ሄርሞን፣ ስልክሽን አንሺ።

ያልሽውን አባት አየሁት። እኔ ከማውቀው ዓይነት አይደለም፤ ሳቄ መጣ። እሷ እንቁላሉን ታቅፋ ሳለ እሱ ነበር እያመላለሰ የሚያጎርሳት። አሁን ደግሞ ተፈልፍለዋል። አራት ናቸው፤ ላባ የሌላቸው፣ አፋቸው ብቻ የሚታይ፣ ሲያዩዋቸው የሚያስደነግጡ ፍጥረቶች። አንዱ ወላጅ ይመጣል፣ ያጎርሳል፣ ይሄዳል፤ ትንሽ ቆይቶ ሌላው ይመጣል። ሴትና ወንዱን መለየት ግን አቃተኝ፤ ሁለቱም ፊታቸው ቀይ፣ ሁለቱም ክንፋቸው ቢጫ። ሲኞራ እሷ ናት ሲሉ እኔ እሱ ነው እላለሁ፤ ቀኑ በክርክር ያልፋል። ከወደቁ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አይቼያቸው አላውቅም።

ሐሙስ ከሰዓት እረፍቴ ነው፤ ድሮ ወደ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሄጄ ከማኅበራችን ሴቶች፣ ከነአምለሰት ጋር ነበር የማሳልፈው። አሁን እዚሁ ከመስታወቱ ፊት ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። አምለሰት ስቃብኛለች፤ "ደሞዝ የማይከፈልሽ ሞግዚትነት ያዝሽ" አለችኝ።

ቶሎ ጻፊልኝ። ዝም ስትይ ደስ አይለኝም።

እልፍነሽ


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእልፍዬ፣

እንደምን ከረምሽ? በመዘግየቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ቤቱ ትንሽ ግርግር በዝቶበት ነበር፤ ሰው ይመጣል፣ ይሄዳል። አሁን ግን ጭር ብሏል።

ሕመሜን የጠየቅሽው፣ አሁን አያመኝም። ስለሱ አታስቢ።

ሄርሞን ስልክ የማታነሳው ተቀይማሽ አይደለም። ስልኳ ድምፁ ተበላሽቷል፤ ጽሑፍና ፎቶ ብቻ ነው የሚልከው። እስክታሠራው ታገሺያት።

ልጅቷ አንቺን ትጠይቃለች። ልጅ ሳለሽ እንዴት እንደምትስቂ፣ ምን እንደምትወጂ፣ ስትሄጂ በር ላይ ዞር ብለሽ አይተሻት እንደሆነ ትጠይቃለች። ይኼን ልንገርሽ ብዬ ነው።

ስለ ወፎቹ አብዝተሽ ጻፊልን። ደብዳቤሽን ስናነብ ቤቱ ይቀለናል። እናትየው ጫጩቶቹን ትታ ርቃ ትሄዳለች ወይ?

እህትሽ ዓይናለም


ሮማ፣ ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ዓይናለም፣

እልፍዬ ብለሽኝ አታውቂም። ይቅርታ አድርጊልኝ ብለሽኝም አታውቂም። ሕመሙ አለሳለሰሽ መሰለኝ። ስለ ሄርሞን የጻፍሽውን እየደጋገምኩ አነበብኩት፤ ትራሴ ስር አድርጌው እንዳልተኛ ስልክ ውስጥ ነው። ዞር ብዬ አላየኋትም፣ እትዬ። ዞር ብል ኖሮ አልሄድም ነበር። እንደዚያ ብለሽ ንገሪያት።

ዛሬ ግን የምጽፍልሽ ሌላ ነው። 

ጫጩቶቹ አድገው ጎጆው ጠቧቸዋል። አንዱ ጫፉ ላይ ወጥቶ ክንፉን ያራግባል። ሲኞራ ሊወድቅብን ነው ብለው ስለፈሩ ጋሽ ቪንቼንዞን ጠራኋቸው፤ በጎን በኩል ባለው በር ወጥተው ከሎሚው ስር ትራስ እንዲያነጥፉ። እሳቸውም ወጥተው ጎንበስ አሉ፤ ቆዩ። ከዚያ ከማሰሮው ኋላ አንድ ነገር በመዳፋቸው ይዘው ተነሡና በመስታወቱ ማዶ አሳዩኝ።

ወፏ ናት። ሞታለች። ዛሬ የሞተች አይደለችም፤ ደርቃ ጉንዳን ወሯታል።

ይቺማ ሌላ ወፍ ናት አልኩ። የእኛዋ አሁን፣ ገና ቅድም አጉርሳቸው ሄዳለች፤ በዓይኔ አይቻታለሁ። ጋሽ ቪንቼንዞ ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጅ ሳሉ በየቤቱ ትረባ ስለነበር ያውቋታል። የወንዱ ቅላት ከዓይኑ አልፎ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የሴቷ እዚያው ይቀራል አሉ። ቁጭ ብለን ጠበቅን። የሚመጣው መጣ፣ አጎረሰ፣ ሄደ። እንደገና መጣ። በመጣ ቁጥር ቅላቱ ከዓይኑ ያልፋል።

አንድ ነው፣ እትዬ። ይኼን ሁሉ ቀን አንድ ብቻ ነበር። የእሷንም የእሱንም መንገድ ብቻውን ሲመላለስ እኔ ሁለት ናቸው ብዬ እየሳቅኩ ከሲኞራ ጋር ስከራከር ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ ካየሁ ስንት ጊዜዬ ብዬ ራሴን ብጠይቅ አላስታውስም። እሷ ከእግሬ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ወድቃለች፤ እኔ ወንበር ስቤ ተቀምጫለሁ።

በምን ሞተች ስላቸው መስታወቱን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። ክፍት መስሏት ተላትማ ነው። በየጠዋቱ የምወለውለው መስታወት።

 እኔም የሲኞራን ምሳ አሳርሬ ነው ያቀረብኩት። ለወፍ እንዲህ ትሆናለች ብለሽ ትቆጪኝ ይሆናል፤ ተቆጪኝ። እባክሽ እንደ ድሮው ተቆጪኝና ልረፍ።

እህትሽ እልፍነሽ


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእልፍነሽ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ልቆጣሽ አልችልም። የመስታወቱ ነገር የአንቺ ጥፋት አይደለም፤ ማንም አላወቀም።

ነገ እሑድ ጠዋት ከቤት አትውጪ። አምለሰት ትመጣለች። ቁርስ ብዪ።

ዓይናለም


ሮማ፣ ግንቦት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሄርሞን፣

ለብቻሽ ስጽፍልሽ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው። እንዴት እንደሚጀመር አላውቅም፤ እንዴት ነሽ ልበልሽ። በልተሻል ወይ? ማን ነው አብሮሽ የሚያድረው?

ቁርስ አልበላሁም ነበር። ሲኞራን እያበላሁ ሳለ ደወሉ ጮኸ። አምለሰትን እየጠበቅኩ ስለነበር እየሳቅኩ ሄጄ ከፈትኩ። ብቻዋን አይደለችም። ለተንኪኤል አለች፣ የማኅበራችን ሴቶች ሁሉ አሉ፤ ደረጃው ድረስ ቆመዋል። ጥቁር ለብሰዋል፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ትተው፣ እንደዚያ ለብሰው፣ ደህና አደርሽ ሳይሉ በር ላይ የሚቆሙ ሰዎች ምን ይዘው እንደሚመጡ ማንም አበሻ ያውቃል።

የእህቴ ደብዳቤ በዋዜማው ደርሶኛል። ስለዚህ እሷ አለች ማለት ነው። አገር ቤት ሁለት ሰው ነው ያለኝ፤ አንዷ ትናንት ጽፋልኛለች፣ አንዷ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልክ አላነሳችልኝም።

የበሩን መቃን ያዝኩ። "ልጄ ናት?" አልኩ። አምለሰት ብብቴ ስር ገብታ ደገፈችኝና "ልጅሽ ደህና ናት፤ ያረፈችው እትዬ ዓይናለም ናት" አለችኝ።

እኔም "ተመስገን" አልኩ።

ገባሽ ወይ፣ ሄርሞን? በለሆሳስ አይደለም። እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ፣ ከአንጀቴ ነው ያልኩት። የእኔን ልጅ ያሳደገች እህቴ ሞተች ሲሉኝ ተመስገን አልኩ። ሁሉም ሰሙኝ። ለቅሶው የመጣልኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ ሲመጣም ለእሷ ማልቀሴ ይሁን በራሴ ማፈሬ አልለየሁትም። እስከ ዛሬ አልለየሁትም። አምለሰት "የደነገጠ ሰው የሚለውን አያውቅም" ትለኛለች። እኔ ግን የምለውን አውቅ ነበር።

ሲኞራ ተሽከርካሪ ወንበራቸውን በገዛ እጃቸው እየገፉ ኮሪደሩ ድረስ መጡ።  ኤሌኖራን በስልክ ጠርተው ሳሎኑን ለቀቁልን። ሴቶቹ ሶፋውን ወደ ግድግዳ አስጠጉ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥን፤ እሳቸውም ከመካከላችን ሆነው ጥቁር ሻርፓቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱ። ለማን እንደሚያለቅሱ አላውቅም። ጋሽ ቪንቼንዞ ቡናና ዳቦ ይዘው መጡ፣ በሩ አጠገብ ቆመው ዋሉ።

ጫጩቶቹ በዚያው ቀን በረሩ። ማንም አላያቸውም፤ ሁላችንም ጀርባችንን ሰጥተናቸው ነበር። ሰኞ ጠዋት ጎጆው ባዶ ነው።

ቀብሯ ካለፈ ሰንብቷል ሲሉኝ ስቆጣብሽ ሰነበትኩ። አሁን ደከመኝ። አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። ደብዳቤዎቹን ሁሉ ከፍቼ አየኋቸው፤ የእጅ ጽሑፉ ያው ያንቺ ነው፣ ድሮም ያንቺ ነበር። የትኛው ነው የእሷ? "ነሐሴ ትመጪያለሽ፣ እኔም አለሁ" ያለችኝ እሷ ናት? እልፍዬ ያለችኝስ? "ልጅቷ አንቺን ትጠይቃለች" የሚለውን ያለው ማን ነው? ይኼን የመጨረሻውን ሳላውቅ ማደር አቅቶኛል።

እልፍነሽ


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእልፍነሽ፣

ጎረቤታችን ቤዛ አብራኝ ታድራለች። እበላለሁ።

እማዬ ያረፈችው ግንቦት 4 ቀን ነው። ቀጠሮዋ ሳይደርስ። ጠዋት መነጽሬን አምጪ አለችኝ፤ ይዤ ስመለስ አልነበረችም። ቀብሩ፣ ድንኳኑ፣ ሰዉ፣ ሁሉም ካለፈ በኋላ ያ የጫጩቶቹ ደብዳቤሽ መጣ። "ለእትዬ" ብሎ ይጀምራል። አልጋዋ ላይ ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት።

የእድራችን ዳኛ ጋሽ ሸዋንግዛው መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ብቻዋን ናት አሉ። እማዬም አስምላኝ ነበር። "ሰው ቤት ሆና አፏን ከፍታ ማልቀስ አትችልም፤ ነሐሴ ስትመጣ ደጄ ላይ ንገሯት" ነው ያለችው። እስከ ነሐሴ እችላለሁ ብዬ አሰብኩ። ስልክ ያላነሳሁት ድምፄ እንዳያጋልጠኝ ነው። ስለሞተችው ወፍ ስትጽፊልኝ ግን አልቻልኩም። አምለሰት ጋ ደውዬ ሂጂላት አልኳት። በማግሥቱ መርዶ የሚደርስሽ ሰው ሆነሽ ሳለ በእሷ ስም መጻፌ ምን እንደሚያሳስብሽ አልገባኝም ነበር። እኔ የሞትኩ ይመስላታል ብዬ በፍጹም አላሰብኩም። ስሰማ ደነገጥኩ። ለዚያ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ተመስገን ማለትሽን አምለሰት ካንቺ በፊት ነግራኛለች። እማዬ ብትሰማ ምን እንደምትል እገምታለሁ፤ ግን አልነግርሽም። ከአሁን በኋላ በእሷ አፍ አልናገርም። እኔ ምን እንደተሰማኝ ግን ልንገርሽ። ሥራ ቦታ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ተራ የሚጠብቅ ሰው ሞልቶ። አንድ ሰው እኔ በመኖሬ እንደዚያ ብሎ ያውቃል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ለጠየቅሽኝ። "ነሐሴ ትመጪያለሽ፣ እኔም አለሁ" ያለችሽ እሷ ናት። "አለቀ" ያለችውም እሷ ናት፤ ጠረጴዛውን መትታ ነው ያለችው። እልፍዬ ያልኩሽ እኔ ነኝ። አያመኝም ያልኩሽም እኔ ነኝ፤ ሌላ የምጽፈው አጥቼ ነው።

"ልጅቷ አንቺን ትጠይቃለች" የሚለውን እሷ አላለችም። የጠየቅኩት እኔ ነኝ። በራሴ ስም ለመጻፍ ስላፈርኩ ነው። ዞር ብለሽ ያላየሽው ለምን እንደሆነ ስለመለስሽልኝ አመሰግናለሁ።

ነሐሴ ትመጪያለሽ፣ እኔም አለሁ።

ልጅሽ ሄርሞን